ሰው አዲስ ቤትን የሚለምደው በምንድር ነው?

ሰው ከኖረበት ቤት ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት በገባ ጊዜ ዘመድና ወዳጅ ሁሉ የሚያጽናናው በአንድ ቃል ነው፤ ይኸውም «አይዞህ፥ ትለምደዋለህ» የሚል ነው። ቃሉ የደግነት ቃል ነውና ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን መልመድ ማለት ምን እንደ ሆነ፥ ሰውም ቤትን የሚለምደው በዘመን ብዛት ይሁን ወይም በሌላ ነገር፥ ቆሞ የሚመረምር ጥቂት ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልመረመርሁትም ነበር። የኖርሁበትን አገር ለቅቄ በአዲስ አበባ፥ በቀበና ወንዝ አጠገብ ቤት ተከራይቼ ከተቀመጥሁ በኋላ ግን ጥያቄው ሳልጠራው መጣብኝ። የደረስሁበትን አሳብ ለአንባቢ ለማካፈል ይህን ጽፌአለሁ።

አስቀድሜ የደረሰብኝን ልናገር። ወደ ቀበና ከባሕር ዳር መጥቼ የገባሁት በክረምት መግቢያ፥ በሰኔ ወር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነቴ ሁሉ የቀድሞውን ቤት ይፈልግ ነበር። በሌሊት ስነቃ እጄ የመብራቱን ማብሪያ በስተቀኝ ይዳብሳል፤ እርሱ ግን በስተግራ ነው። የቀድሞው ቤቴ ደረጃ አምስት ነበርና እግሬ የዚህኛውን ስድስተኛ ዘወትር ይስተው ነበር። በእንጦጦ ላይ ዝናብ በጣለ ቍጥር ወንዙ በድንገት ሞልቶ ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ፥ ቤቱን የሚወስደው እየመሰለኝ ተነሥቼ እቀመጥ ነበር። የጎረቤት ውሻም መንገደኛውን ሁሉ አሳልፎ በእኔ ላይ ብቻ ይጮኽ ነበር። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ደግሞ በጣና ዳር ለኖረ ሰው የሚቻል አልነበረም። በኦሮምኛ ቀበና ማለት ቅዝቃዜ ማለት መሆኑን ኋላ በሰማሁ ጊዜ፥ አገሩ በስሙ አስቀድሞ ነግሮኝ ሳለ አለማስተዋሌን ዐውቄ ሳቅሁ።

ይህ ሁሉ ግን ከመስከረም አላለፈም። እጄ ማብሪያውን፥ እግሬም ደረጃውን ዐወቀ፤ የወንዙ ድምፅ እንቅልፍ የሚያመጣ ሆነ፤ ውሻውም ዝም አለ። እንግዲህ ለመድሁ ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። ነገር ግን «ቤትህ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ባጋጠመኝ ጊዜ አፌ ሳያስብ «ባሕር ዳር» ይል ነበር። በበዓል ቀን የጎረቤቶቼን የሣቅ ድምፅ በአጥር ላይ እየሰማሁ በሬን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። አንድ ዓመት አለፈ፤ ልቤ ግን ጓዙን እንዳልፈታ መንገደኛ ሆኖ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የሰውነት ልማድና የልብ ልማድ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ተረዳሁ።

እስረኛም ወህኒ ቤቱን ይለምዳል፤ በጨለማ እንኳ በሩን አይስተውም፤ ይሁን እንጂ ቤቴ አይለውም። እንዲሁም ከቀበና ወንዝ ማዶ ያለውን የእንግሊዝ ኤምባሲ እንመልከት። ቦታውን ዐፄ ምኒልክ ከዐድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ ከሰጡ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በውስጡ የሚቀመጡት መልእክተኞች ግን በመጡበት ቀን የሚሄዱበትን ዘመን ያውቃሉ፤ ሥራቸው እንግድነት ነውና ሥር ስደዱ የሚላቸውም የለም። ስለዚህ በአንድ ስፍራ ረዥም ዘመን መቀመጥና የስፍራው ሰው መሆን አንድ አይደሉም። ጊዜ ሰውነትን ያለማምዳል፤ ቤትን መስጠት ግን የጊዜ ሥራ አይደለም። እንግዲህ የማን ሥራ ነው?

ስለዚህ ነገር ቀበናና በላዩ ያለው ተራራ ራሳቸው የሚያስተምሩት ብዙ ነው። አስቀድሞ በዚህ ሜዳና በወንዙ ዳር ይኖሩ የነበሩት ኦሮሞች ናቸው፤ እስከ ዛሬም የምንጠራው በእነርሱ ቋንቋ ነው። ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን በእንጦጦ ራስ ላይ አድርገው ነበር፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብርዱና ነፋሱ ጸና፤ ማገዶም አነሰ። እቴጌ ጣይቱም ቀድሞ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰይመውት ነበርና ሠራዊቱም ሕዝቡም እየወረደ በታች ሰፈረ። እንግዲህ በዚህ ከተማ ከሚኖረው ሰው የሚበዛው፥ እርሱ ራሱ መጤ ባይሆን፥ አባቱ ወይም አያቱ መጤ ነው።

የሰፈረው ሕዝብ ግን በዙሪያው ያለውን ዛፍ ቈርጦ ጨረሰ። ስለዚህም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ በዚያ የቤተ መንግሥት ሥራ ተጀምሮ ነበር። ከተማውን በስፍራው ካስቀሩት ነገሮች አንዱ መጤ ዛፍ ነው። የትውልድ ምድሩ አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ገብቶ ተተከለ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ስለ ሆነም ባሕር ዛፍ ተባለ። በጥቂት ዓመት አድጎ ማገዶም የቤት ምሰሶም ሆነ። ከተማው ሳይነቀል ቀረ፤ በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ባሕር ዛፍ የሌለበትን እንጦጦ በአሳቡ ሊሥል የሚችል ማን ነው? ይህ ዛፍ ከእንግድነት ወደ ባለ አገርነት የተሻገረው ዕድሜው ስለ ረዘመ አይደለም፤ የሰው ችግር ስለ ፈለገው ነው።

ሆኖም ዛፉ ሌላ ጠባይ አለው። ውሃን በብርቱ ይጠጣል፤ ቅጠሉ ከረገፈበትም ሌላ ተክል በጭንቅ ይበቅላል። ጽድና ወይራ የነበሩበትን ተራራ ብቻውን ሊይዘው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ዛሬም አገር በቀሉን መልሶ ለመትከል የሚደክሙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ወደ አዲስ ስፍራ ለሚመጣ ሁሉ ተራራው ሁለት ጥያቄ ያቀርብለታል፤ አንደኛው፥ ለዚህ ስፍራ የምትሰጠው ምንድር ነው? ሁለተኛው፥ ከአንተ በፊት ለነበረው የሚያድግበትን ቦታ ትተውለታለህን? እኔ ግን እስከ ሁለተኛው ዓመቴ ድረስ ከእነዚህ አንዱንም ሳልጠይቅ፥ የምጠይቀው «ይህ ስፍራ ለእኔ ምን ይሰጠኛል?» የሚለውን ብቻ ነበር። ይህን ስሕተቴን የገለጠልኝ የውሃ ነገር ነው።

በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሰው ሁሉ በተኛበት በእኩለ ሌሊት ነው። ከአጥሬ ቀጥሎ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት በመጣ ቍጥር በከዘራቸው በሬን እየመቱ «ልጄ፥ ውሃ መጥቷል፥ ተነሣ!» ይሉኝ ነበር። እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ጀሪካኖቼን ሞልቼ ተመልሼ እተኛ ነበር። እንዲህ ሆኖ ከዓመት በላይ ኖርሁ። በአንድ የኅዳር ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ሳነብ የቧንቧውን የትንፋሽ ድምፅ ሰማሁ። የከዘራውን ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ጀሪካኖቼን ሞላሁ፤ አሁንም አልመጣም። ልተኛ ካልሁ በኋላ ነገሩ ከነከነኝና መብራት ይዤ ወደ ደጃቸው ሄድሁ። እማማ በትኵሳት ተይዘው ተኝተዋል፤ ባልዲውም እንስራውም ባዶ ነው።

ውሃውን ቀድቼ ሳበቃ ስለ ራሳቸው አንዳች አልተናገሩም፤ «ሌላውን ሰውስ ማን ቀሰቀሰው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የሚቀሰቅሱት እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በየፈረቃው የሚመቱት ሰባት ደጅ ነው። ተኝተው ሳሉ የየቤቱን ጠባይ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ የፊተኛው እንቅልፈ ከባድ ነውና በርታ ብለህ ምታ፤ በሁለተኛው ቤት አራስ አለችና በመስኮቱ በቀስታ ተጣራ፤ የመጨረሻው ሌሊት ጥበቃ አድሮ ነው የሚመጣው፥ የእርሱን ጀሪካን ከበሩ አጠገብ ታገኘዋለህ፥ ሞልተህለት እለፍ አሉኝ። እኔም በሰባቱ ደጅ ዞርሁ። ከውስጥ «ማነው?» ሲሉኝ የምመልሰው ጠፍቶኝ ጥቂት ዝም ካልሁ በኋላ «እኔ ነኝ፥ ጎረቤታችሁ» አልሁ። ይህን ቃል በቀበና ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

እማማ እስኪድኑ ድረስ ሥራው በእኔ እጅ ቀረ፤ ከዳኑም በኋላ እኩሌታው ለእኔ ተረፈ። በአንድ ፈረቃ ግን ደክሞኝ ሳልነቃ አደርሁ። በነጋው ከጎረቤቶቼ አንዱ በመንገድ አግኝቶኝ «ምነው ጋሼ፥ ትናንት ሳይቀሰቅሱን ቀሩ? ቤታችን ባዶውን ዋለ እኮ» ብሎ ወቀሰኝ። ወቀሳው እውነት ነበርና አፈርሁ፤ ከእፍረቱ በታች ግን ምክንያቱን ያላወቅሁት ደስታ ተሰማኝ። ኋላ ሳሰላስለው ገባኝ። እንግዳ ቢቀር «ሄዷል» ይባላል እንጂ «ለምን ቀረህ?» ተብሎ አይወቀስም። መቅረቱ እንደ ጥፋት የሚቈጠርበት ሰው የቤቱ ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ሰው አዲስ ቤትን በእውነት የሚለምደው ስፍራው በተመቸው ቀን አይደለም፤ በዚያ የሚጠበቅበት ሥራ ባገኘና ባልተገኘም ጊዜ በሚጐድልበት ቀን ነው። ይህ በአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን በብዙም ሰው ላይ ይታያል። ከእኛ በስተምዕራብ ባለው በሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይኖራሉ። ከተማው የእነርሱን እጅ ስለ ፈለገ፥ በዓል በቀረበ ጊዜ ነጠላና ቀሚስ የሚሻው ሁሉ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወጣል፤ ሽሮ ሜዳ ሲባልም ሸማ ይታሰባል። ሰፈሩ ከመጤዎች ሥራ የተነሣ ስም አገኘ።

በዚያው ሰሞን ወደ ሰፈሩ ዕድር ለመግባት ጠየቅሁ። የዕድሩ ዳኛ ከየወሩ መዋጮ በቀር የመግቢያ ገንዘብ እንዳለብኝ ነገሩኝ። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ዘግይቶ መምጣት ኃጢአት ነውን? ብዬ አሰብሁ። ነገሩን ስመረምረው ግን እውነቱ በእነርሱ ዘንድ ሆነ። ድንኳኑ፥ አግዳሚው፥ ድስቱና ብርጭቆው ሌሎች በብዙ ዓመት ካዋጡት ሳንቲም የተገዛ ነው። በእኔ ላይ ኀዘን ቢደርስ በማግስቱ እንደ መሥራቾቹ ለእኔም ይተከልልኛል። የሌሎችን ድካም በነጻ መውሰድ የባሕር ዛፍን ክፉ ጠባይ መያዝ ነው።

ሆኖም ለነባሮችም የሚነገር አለ። ዕድር በከተማ የተስፋፋው ከየአገሩ የመጡ ሰዎች፥ ዘመድ በሌለበት ስፍራ ቀባሪ እንዳያጡ፥ እርስ በርሳቸው ዘመድ ሊሆኑ ስለ ተስማሙ ነው። መሥራቾቹ መጤዎች ከነበሩ፥ መግቢያውን ድኻ መጤ ከማይደርስበት ላይ መስቀል የአባቶችን አሳብ መዘንጋት ነው። ይህን ለዳኛው ባነሣሁላቸው ጊዜ «ገንዘቡን ቀስ ብለህ በየወሩ ትጨርሳለህ፤ ድንኳን ስንተክል ግን እንዳትቀር፥ መቀጫ አለው» አሉኝ። ከገንዘቡ ይልቅ መቀጫው ይበልጥ የዕድሩ ሰው እንዳደረገኝ ተሰማኝ።

ነገር ግን አንባቢ አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊያቀርብልኝ ይችላል። «አንተ ወደህ መጣህ፤ ሳይወድ ለተነሣውስ ምን ትለዋለህ?» ይለኛል። ተቃውሞው እውነተኛ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙ ሰው ጎረቤቱን ያገኘው በዕጣ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰቦች ተነሥተው ገላን ጉራን ወደ መሰለ የከተማ ዳርቻ ሄደዋል። ዕድሜውን በአንድ ግቢ ለጨረሰ ሽማግሌ «ትለምደዋለህ» ማለት ማጽናናት ላይሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ አፍ ማዘጊያ ነው።

ነቢዩ ኤርምያስ ሳይወዱ ወደ ባቢሎን ለተወሰዱት ሰዎች የላከውን ደብዳቤ እናስታውስ። ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ የሚኖሩበትንም ከተማ ሰላም እንዲሹ መከራቸው። ይህን ሲል ግን መማረካቸው ቀላል ነው አላለም፤ አገራቸውንም እንዲረሱ አልነገራቸውም፤ ይልቁንም የመመለስን ተስፋ ጨመረላቸው። ምክሩ የከበረው ስለ እነርሱ ካለቀሰ ሰው አፍ ስለ ወጣ ነው። ስለዚህ ለተነሣ ሰው መልመድን ሊመክር የሚገባው፥ አስቀድሞ ኀዘኑን አብሮት የተቀመጠ ነው።

ከላይ ከተናገርሁትም አንድ ግዴታ ይከተላል። ቤት የሚባለው ግድግዳና ጣራ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ የተሻለ ግድግዳ የሰጠ ሰው የወሰደውን ሁሉ በመለሰ ነበር። ነገር ግን እማማን አስባለሁ። እርሳቸውን ብቻቸውን አንሥቶ በአራተኛ ፎቅ የሚያስቀምጣቸው ሰው ቢመጣ፥ ሌሊትና ቀን የማይቋረጥ ቧንቧ ሊሰጣቸው ይችላል፤ የሚመቷቸውን ሰባት ደጆች ግን ይወስድባቸዋል። ደጆቹ ከሌሉ የእርሳቸው መኖርና አለመኖር በሌሊት የሚታወቅ አይሆንም። ስለዚህ ሰውን ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚያዛውር ሁሉ ጎረቤትን ከጎረቤቱ፥ ዕድርን ከአባሎቹ ሳይለይ ማዛወር አለበት፤ ይህ ካልተቻለ የጐደለው ምን ያህል እንደ ሆነ ዐውቆ ካሣውን ከግድግዳው ዋጋ በላይ ማሰብ ይገባዋል።

በስፍራው ለቈየንም ሰዎች የሚነገረው ይህ ነው። ለመጤ እንጀራና ቡና ማቅረብ የአገራችን የከበረ ልማድ ነው፤ ሊቀርም አይገባውም። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚጋበዝ እንግዳ ሁልጊዜ እንግዳ ነው። ከማብላት ቀጥሎ ያለው ትልቁ ቸርነት ሥራን ማካፈል ነው፤ ድንኳን ሲተከል አንዱን ካስማ እንዲይዝ፥ ኀዘን ሲደርስ አግዳሚ እንዲሸከም፥ ለሽምግልና እንዲቀመጥ መጥራት ነው። እማማ በትኵሳት ተኝተው ሳሉ የሰባቱን ደጅ ምስጢር የነገሩኝ ሸክማቸውን ለማቅለል ብቻ አይመስለኝም፤ ከዚያ ቀን በፊት ያልነበረኝን ቤት የሰጡኝ ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው ሰኔ ከፊት ለፊቴ ካለው ቤት አዲስ ሙሽሮች ገቡ። ክረምቱን ሁሉ ውሃ በመጣ ቍጥር በራቸውን መታሁ፤ ባልየውም እየወጣ እንደ እኔ ጀሪካኑን ሞልቶ፥ እንደ እኔ አመስግኖ ይገባ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጠርቼ «ከዛሬ ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደጆች ያንተ ናቸው» አልሁት። ደነገጠና «ጋሼ፥ ብረሳስ?» አለኝ።

«ይወቅሱሃል» አልሁት።